ትልቁን ውሻችሁን ከግቢ ወደ አፓርታማ ለምታመጡ

በቅርቡ ወደ ውጭ አገር ከሄዳችሁት መካከል ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ባለው ግቢ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ሮትዋይለር ትታችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ውሻ ቅንጦት አይደለም። ጅብ አጥር ሥር በሚያልፍበት ሰፈር እንቅልፍ የሚሰጠን እሱ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ እስኪነጋ ግቢውን ሲዞር ያድራል። እንዲህ የኖረ ውሻ አንድ ቀን በአውሮፕላን ተጭኖ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ ቤት ሲገባ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ውሻውን የሚጓዝበትንና ቤት ውስጥ የሚተኛበትን ሳጥን የማለማመዱ ሥራ የሚጀመረው እናንተ ያላችሁበት አገር ከደረሰ በኋላ ሳይሆን እዚሁ፣ በቀሩት ቤተሰቦቻችሁ እጅ ነው።

ጊዜ እንደሆነ አለ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ ማይክሮቺፕ ይደረግለታል፤ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ይመረመራል፤ ውጤቱ ጥሩ ከሆነም ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠብቃል። አሜሪካም እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነ ውሻ አታስገባም፤ ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋባቸው አገሮች ስለምትቆጠርም ተጨማሪ ወረቀት ትጠይቃለች። ይህን ሁሉ የጥበቃ ወር በከንቱ አታሳልፉት።

ሳጥኑ ውሻው ጆሮው ጣሪያውን ሳይነካ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት መሆን አለበት። ለጀርመን ሼፐርድና ለመሰሎቹ ብዙ ጊዜ ከ107 እስከ 122 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ይበቃል። የሽቦው ሳጥን ለቤት እንጂ ለአውሮፕላን አይሆንም። የፕላስቲኩን ካላገኛችሁ ጎበዝ አናጺ ከእንጨት ሊሠራው ይችላል፤ መጀመሪያ ግን የአየር መንገዱን መለኪያ ጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩ በገመድ ታስሮ ክፍት ይሁን። ምግቡን ሳጥኑ አፍ ላይ አስቀምጡ፤ በየቀኑ ትንሽ ወደ ውስጥ ግፉት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? በበላበትም ይተኛል። ሙሉ ሰውነቱን አስገብቶ ተረጋግቶ መብላት ሲጀምር በሩን ዘግታችሁ ሳይጨርስ ክፈቱለት፤ ከዚያ ደቂቃውን በዝግታ ጨምሩ። ገፍቶ ማስገባት አይገባም። ጥፋት ሲያጠፋ ወደ ሳጥኑ መስደድም ፈጽሞ አይገባም፤ የቅጣት ቦታ ከሆነ ዳግመኛ ወዶ አይገባበትም። የአንገት ማሰሪያውን ከማስገባታችሁ በፊት አውልቁት፤ ተጠልፎ ሊያንቀው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው። ለዘበኛ ውሻ ሌሊት የሥራ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሲዘጋበት ቢጮኽ ሊፈረድበት አይገባም። አስቀድማችሁ ቀኑን ለውጡለት። ከሰንሰለት ፍቱት፣ በገመድ ይዛችሁ ረጅም መንገድ አስኬዱት፣ ከሰዓት በኋላ ከሰው ጋር ይዋል። ደክሞት ሲመሽ ራሱ መተኛት ይፈልጋል። እናት «ታዲያ ሌሊቱን ማን ይጠብቀን?» ቢሉ ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። የሌሊቱን ልምምድ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት አቆዩት፤ እስከዚያ ልምምዱ በቀን ይሁን። ለጉዞው ተብሎ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አትስጡት፤ ከፍታ ላይ ትንፋሹንና የደም ግፊቱን ሊያውክበት ይችላል።

ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ የአገሩን ሕግ እወቁ። አሜሪካና ካናዳ ሳጥን የተለመደ ነው። ስዊድንና ፊንላንድ ግን ውሻን ቤት ውስጥ በሳጥን ዘግቶ ማቆየት አይፈቅዱም፤ እዚያ ሳጥኑ በሩ ተከፍቶ መኝታ ብቻ ይሁን። ስዊድን ውሻው ቀን ቀን ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ ወደ ውጭ እንዲወጣም ታዝዛለች።

ሳጥኑን ከመግቢያው በር አርቁት፤ የጎረቤት ኮቴ ለእሱ አጥር የዘለለ ሌባ ነው። ክርኑ እንዳይላጥ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉለት። ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ዝርያ ጨጓራው ሊጠመዘዝበት ስለሚችል ምግቡን በቀን ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ፤ እንደበላም አታስሩጡት። ሆዱ ተነፍቶ በባዶ ሊያስመልስ ከታገለ ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ሳጥን ውስጥ ሲሆን ፍርግርጉን የሚነክስ፣ ጥፍሩን የሚሰብር፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ ደግሞ ፍርሃት ነው፤ ሳጥኑን ተዉትና አንድ ክፍል ስጡት።

አዲስ ገቢ ብዙ ጊዜ ሁለት ፈረቃ ይሠራል። ጎልማሳ ውሻ በቀን ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በላይ ሊዘጋበት አይገባም፤ ቡችላማ ከዚያም ያንሳል። እኩለ ቀን ላይ የሚያወጣው የቤት ሰው ወይም ጎረቤት ካላገኛችሁ ሥራችሁ እስኪረጋ ውሻው እዚሁ ግቢው ውስጥ ይቆይ፤ ልምምዱንም ቤተሰብ ይቀጥልለት።