አስፈሪ ዘፈን እንዴት ይሠራል? ጅቡን ሳያሳዩ ማስፈራት

ደሴ ማታ ጉም ሲወርድ የጦሳ ተራራ ራሱ ይጠፋል። ልጅ ሆነን ከሰኞ ገበያ ስንመለስ ያስሮጠን የነበረው ጅብ አይደለም። ጅቡንማ አይተነው አናውቅም። ከኋላችን የሚመጣ ኮቴ ድንገት ዝም ሲል ነው እግሬ አውጪኝ የምንለው። አስፈሪ ዘፈን መሥራት ያማረው ከዚህ ይነሳ።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ ያዙ። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ይበቃል። ለምሳሌ ሹፌሩ ኮምቦልቻ ተሳፋሪ አራግፎ፣ ባዶ ሚኒባሱን ይዞ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ይወጣል።

ከዚያ ግጥሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። «ጋኔን መጣ፣ ዓይኑ ደም» ብሎ ይጀምራል፤ በቃ፣ አለቀ። አድማጩ የእናንተን ጋኔን ይቀበልና የራሱን መፍጠር ይተዋል። የራሱ ደግሞ ይብሳል፤ የሚያስፈራውን ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ስለዚህ በግጥሙ የመጀመሪያ ቤት ሹፌሩ ጉም የያዘውን የፊት መስታወት ከውስጥ በእጁ ይጥረግ። በሁለተኛው ቤት ዞር ሲል የኋላውም ተጠርጓል። እዚያው ተዉት። አዝማቹ «ብቻዬን ነኝ» ይሁን፤ ቃሉ አይለወጥ። መጀመሪያ ወሬ ነው፣ ኋላ ልመና ይሆናል።

ለዜማው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው አንቺ ሆዬ ይመቻል። (የፍቅር ዘፈንም ይወጣዋል፣ ቅኝቱ ጥፋት የለበትም።) በቅኝቱ አንደኛና ሁለተኛ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ በፒያኖ ቢሆን ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ማለት ነው። በማሲንቆ በሁለቱ መካከል ቀስ ብላችሁ ተመላለሱ። መጨረሻ ላይ ወደ አንደኛው አትመለሱ። ጆሮ ማረፊያውን ይጠብቃል፤ ንፈጉት።

ምቱን በደቂቃ 60 ገደማ ያዙት፤ የተረጋጋ ልብም እንዲህ ይመታል። አድማጩ ሲለምደው አንዲት ምት ዝለሉ። ያ የቆመው ኮቴ ማለት ይህ ነው።

ድምፃችሁን አትጩሁበት። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ዝቅ አድርጉት። ስትቀዱ ጋቢ ተከናነቡና ስልኩን ወደ አፋችሁ አስጠጉት፤ የክፍሉ ማስተጋባት ይቀንሳል።

እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ መጨረሻው ላይ የጅብ ጩኸት አስገባሁበት። ታናሽ እህቴ በሳቅ ፈረሰች። ጩኸቱን ቆርጬ በሌላ ቀን፣ መብራት አጥፍቼ አሰማኋት። ሲያልቅ ዝም አለች።

«የኋላውን ማን ነው የጠረገው?»

«እኔም አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።