ውዱን ኮከብ እንልቀቀው ወይስ እናቆየው? በሆኪ ክርክር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ በወጣ ቁጥር ያው ጩኸት ይነሳል፤ «ያንን ውድ ተጫዋች አውጡልን!» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ከ2005 (እ.አ.አ) ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት ከዚያ በላይ መክፈል አይችልም። ለ2025–26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንዱ 12 ሚሊዮን ከወሰደ፣ ሌሎቹ ሃያ ምናምን ተጫዋቾች የተረፈውን ይካፈላሉ። እኔን የሚያናድደኝ መልሱ የሚሰጥበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ነገሩን እንደ እግር ኳስ ዝውውር ማየት ነው። እግር ኳስ ላይ ኮከባችሁን ትሸጣላችሁ፣ ብሩን ትቀበላላችሁ፣ ሌላ ትገዛላችሁ። እዚህ የሚመጣላችሁ ሌላ ተጫዋች ወይም የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት) ነው፣ ከዚያ ውጭ ከጣሪያው ሥር የተለቀቀ ቦታ። ባዶ ቦታ ደግሞ ጎል አያገባም። ያን 12 ሚሊዮን ለማን እንደምትሰጡት በስም መጥራት ካልቻላችሁ «ይሸጥ» ለማለት ገና ናችሁ።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ባለፈው ዓመት ቁጥር መታለል ነው። በ2022 የካልጋሪ ክለብ አጥቂ ማቲው ትካቸክ ረጅም ውል አልፈርምም አለ። ክለቡ ወደ ፍሎሪዳ ላከውና በምትኩ ጆናታን ሁበርዶን፣ ተከላካዩን ማኬንዚ ዊገርን፣ አንድ ወጣት ተጫዋችና የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አገኘ። ሁበርዶ በዚያው ዓመት 115 ነጥብ (ያገባቸውና ለጎል ያቀበላቸው ኳሶች ድምር) ያስመዘገበ ሰው ነው፤ ልውውጡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የ29 ዓመቱ ሁበርዶ ለካልጋሪ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት የስምንት ዓመት፣ የ84 ሚሊዮን ዶላር ውል ተሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ነጥቡ ወደ 55 ወረደ። ሲዘዋወር 24 ዓመቱ የነበረው ትካቸክ ግን ከፍሎሪዳ ጋር በ2024 እና በ2025 የሊጉን የሻምፒዮና ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሳ። እንግዲህ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም እዩ!

ሦስተኛው ቀኑ እስኪያልፍ መቀመጥ ነው። ቶሮንቶ ለኮከቡ ሚች ማርነር በዓመት ወደ 10.9 ሚሊዮን ይከፍል ነበር። ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ፣ ያለ ፈቃዱ እንዳይዘዋወር የሚከለክለው የውሉ አንቀጽ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው። በ2025 ውሉ ሊያልቅ ሲል ወደ ቬጋስ ሄደ፣ ቶሮንቶም በምትኩ ኒኮላ ርዋ የተባለ አንድ ተጫዋች ብቻ አገኘ። በዚያው ዓመት ከ100 ነጥብ በላይ ላስመዘገበ ተጫዋች! ስለ ሽያጭ ማውራት ካለባችሁ አንቀጹ ከመጀመሩ በፊት አውሩ።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ በዛሬው ጣሪያ ብቻ አስልቶ መደንገጥ። ኮሎራዶ ኮከቡን ሚኮ ራንታነንን በጥር 2025 ለካሮላይና ሰጠ። በሳምንቱ ሊጉ ጣሪያው ከ88 ወደ 95.5፣ ቀጥሎ ወደ 104፣ ከዚያም ወደ 113.5 ሚሊዮን እንደሚያድግ አስታወቀ። 12 ሚሊዮን ከ88 ላይ 13.6 በመቶ ሲሆን ከ104 ላይ ግን 11.5 በመቶ ነው። ራንታነን ከካሮላይና ወደ ዳላስ ተሻግሮ በዚሁ 12 ሚሊዮን ፈረመ። ከዚያ በጥሎ ማለፉ ወሳኝ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ሦስት ጎል አግብቶ ያሰናበተው ራሱን ኮሎራዶን ነው።

ሌላው «ተሸጠ» ሲባል ሸክሙ ሁሉ ወረደ ብሎ ማሰብ ነው። ሻጩ ክለብ ከደመወዙ እስከ ግማሽ ድረስ ራሱ ላይ ሊያስቀር ይችላል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ከጣሪያው ይቀነስበታል። ሳን ሆዜ ተከላካዩን ኤሪክ ካርልሰንን በ2023 ወደ ፒትስበርግ ሲልክ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ራሱ ላይ አስቀርቷል፣ ውሉ ደግሞ እስከ 2027 ነው።