የተማራችሁት እጅ ማስለቀቅ ጁዶ የሚሠራ ሰው ላይ ይሠራል? እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹት

ቴኳንዶ፣ አይኪዶ ወይም የድሮውን ጁጂትሱ የሠራ ሰው ይህችን ያውቃታል። አንዱ የእጅ አንጓችሁን ይይዛል፣ እናንተ ጠምዘዝ ታደርጋላችሁ፣ እጃችሁ ይወጣል። ያዡ ግን ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጁዶ ወይም ሬስሊንግ የሚሠራ ሰው አይጠብቅም።

ትሠራለች ወይ? ትሠራለች፣ ግን ክለብ ውስጥ እንደተማራችኋት አይደለም። ለማየት ትግል የሚችል ጓደኛና ምንጣፍ ያስፈልጋችኋል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ጥፍራችሁን ቁረጡ። አንዱ በእጁ መታ መታ ካደረገ ሌላው ወዲያው ይልቀቅ።

1. ቆሞ ይያዛችሁ። የአያያዝ ደካማ ቦታ አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ክፍተት ነው። የአንጓችሁን ቀጭን ጎን ወደዚያ አዙሩ። እጃችሁን አትጎትቱ፤ ክርናችሁን ወደ እሱ ግፉና መዳፋችሁን ወደ ትከሻችሁ አምጡ። ይከፈታል። እስከዚህ ድረስ አሰልጣኛችሁ ልክ ነው።

2. አሁን ይጎትታችሁ። ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጁዶ የሚሠራ ሰው የሚይዘው ሚዛን ለማሳት ነው፤ ገና እንደያዘ ይጎትታል ወይም ይገፋል። ክንዳችሁ ሲዘረጋ ክርናችሁ ከጎድናችሁ ይርቃል፣ ያኔ የምትጠመዝዙት በክንድ ጉልበት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በሙሉ ሰውነቱ ነው የሚጎትተው። ስለዚህ ከመጠምዘዛችሁ በፊት ወደጎተተበት አቅጣጫ ግማሽ እርምጃ ግቡ፣ ክርናችሁን ጎድናችሁ ላይ ለጥፉት፣ ከዚያ ከነዳሌያችሁ ዙሩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትለማመዱ ከሆነ ይህችን ግማሽ እርምጃ ተለማመዱ።

3. በሁለት እጁ ይያዝ። ሬስሊንግ የሠሩ ሰዎች አንድ ክንድ በሁለት እጅ መያዝ ይወዳሉ። አንድ እጅ አንጓ ላይ፣ ሌላው ከክርን በላይ። የአውራ ጣቱ ብልሃት ብቻውን አያወጣችሁም። ነፃ በሆነው እጃችሁ የተያዘውን እጃችሁን ያዙ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉና በእግራችሁ ኃይል አውጡት።

4. ልብስ ይያዝ። ጠንካራ ጃኬት ልበሱ። እጅጌ ላይ ጨርቁን በጣቶቹ ቆልፎ ስለሚይዝ የአውራ ጣቱ ክፍተት እምብዛም አይጠቅማችሁም። በነፃው እጃችሁ የእሱን እጅጌ ጫፍ ያዙ፣ ወደ ታች እየገፋችሁ የተያዘውን ክንዳችሁን ባንዴ ወደ ኋላ ሳቡ። ኮሌታ ከያዘም ያው ነው፤ እጁን አስራችሁ ደረታችሁን ከእጁ አርቁ።

አንጓ ጠምዝዞ መጣልስ? አይኪዶ ውስጥ ኮቴ ጋኤሺ የሚሏት ማለቴ ነው። ለማየት ደስ ትላለች። ችግሩ የያዡ ክርን ነፃ ነው፤ አንጓው ሲጠመዘዝ ክርኑን ያስከትልና ይወጣል። የብራዚል ጁጂትሱ ሰዎችም አንጓ ይቆልፋሉ፣ ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ክርኑን ደረታቸው ወይም መሬት ላይ ያስራሉ። መሞከር ካማራችሁ እንደነሱ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁም ይሁን። አንጓ ቶሎ ይጎዳል።

5. እንደገና ይያዝ። ብዙ ክለብ የሚዘለው ይህን ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ጁዶን ሲመሠርት አደገኞቹን ቴክኒኮች በካታ፣ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ በተወሰነ ልምምድ፣ አስቀመጠ፤ የቀሩትን ተማሪዎቹ እርስ በርስ በነፃ ትግል፣ በራንዶሪ፣ እንዲሞክሯቸው አደረገ። እናንተም እንደዚያው። አንዱን እጅ ስታስለቅቁ እሱ አንገታችሁን፣ ወገባችሁን ወይም እግራችሁን ይፈልጋል። ስለዚህ ባስለቀቃችሁ ቁጥር ወይ ሁለት እርምጃ ራቁ፣ ወይ ቀድማችሁ እናንተ ያዙት። መሃል ላይ ቆሞ ማድነቅ የለም። በቀስታ ጀምሩና እየለመዳችሁ ስትሄዱ ኃይሉን ይጨምር።

6. ሳይይዝ። በመጨረሻው ዙር እሱ ለመያዝ ይሞክር፣ እናንተ አታስይዙ። እጁ ሲመጣ፣ ጣቶቹ ሳይዘጉ በመዳፋችሁ ወደ ጎን ጥረጉትና ቦታ ቀይሩ። የጁዶ ውድድር ካያችሁ ሁለቱ ተፋላሚዎች ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ ሲመታቱ የሚታዩት ለዚህ ነው፤ የተዘጋን እጅ ማስከፈት ምን ያህል እንደሚያደክም ከማንም በላይ ያውቁታል።