መጀመሪያ መሪውን፣ ከዚያ መንገዱን፦ በደጋ መንደሮች የእግር ጉዞ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ለሦስት ቀን ተራራ ለተራራ ልንሄድ ወጣን። መንገድ መሪያችን ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ ሳቁ አይጠገብም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩን አወጣ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ያዘው። ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየችን ፍየል የምትጠብቅ ልጅ ናት። ማታ ሲያወጋን ለካ ያደገው ከተማ ነው፤ በዚያ በኩል ያለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጁን አልፈርድበትም። እኛ ዋጋ ለማስቀነስ ሦስት ጊዜ ደውለን፣ ስለ እሱ አንድም ነገር አልጠየቅንም።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ መንገዱን በፎቶ መምረጥና መሪውን ለዕድል መተው። እኔ አሁን ገልብጬዋለሁ፤ መጀመሪያ መሪ እፈልጋለሁ፣ መንገዱን ከእሱ ጋር እመርጣለሁ። የመንደር ጉዞ ቁም ነገሩ የተራራው ጫፍ አይደለም፣ ሰዉ ነው። በር የሚያስከፍተው ደግሞ መሪው ነው። እዚያው ያደገ መሪ ያ ማሳ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ቤት ለቅሶ ስላለ እንደማይታደርበት፣ የትኛው ወንዝ ከዝናብ በኋላ እንደማያሻግር ያውቃል። ይህን ካርታ አይነግራችሁም።

ታዲያ ምን ልጠይቅ ካላችሁ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በዚህ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የሄድከው መቼ ነው? የምናድርበትን ቤት ባለቤቶች ታውቃቸዋለህ? ከመካከላችን አንዱ ቢታመም በየት በኩል እንወርዳለን፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ሦስተኛው ዋናው ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳያስብ ይመልሳል፦ «ከሁለተኛው ማደሪያ በስተግራ ከወረድን በአራት ሰዓት መኪና መንገድ እንደርሳለን» ይላል። «ኧረ ምንም ችግር የለም!» ካለ እኔ እዚያው ላይ እጠረጥራለሁ።

እነዚህን ጥያቄዎች ለደላላው መጠየቅ ሁለተኛው ስህተት ነው። በስልክ የሚያናግራችሁና አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መሪውን ራሱን ያገናኟችሁ። ፈቃዱንም እዩ፤ ነገሩ ወግ ብቻ አይደለም። ኔፓል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዦች ፈቃድ ያለው መሪ ይዘው እንዲሄዱ ደንግጋለች። ኪሊማንጃሮንም ሆነ የፔሩን የኢንካ መንገድ ያለ መሪ መሄድ አይፈቀድም። በስሜን ተራሮች ደግሞ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ስካውቱ ግን የሚመጣው ለጥበቃ ነው። የሚያስረዳና የሚያስተረጉም መሪ ለብቻው ይቀጠራል፤ ሁለቱን አንድ አድርገው ያሰቡ ሰዎች በዝምታ ተጉዘው ተመልሰዋል።

ሌላው መንገድን በኪሎ ሜትር መለካት ነው። «12 ኪሎ ሜትር ምን አላት?» እንላለን። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ያቺ 12 ኪሎ ሜትር 900 ሜትር ዳገት ካላት ወደ አራት ሰዓት ትወስዳለች። ይሄም ጠንካራ ሰው ሳያርፍ ሲሄድ ነው። ዕረፍቱን፣ ፎቶውን፣ የሳሳውን አየር ጨምሩበት። ስለዚህ መሪውን «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ሳይሆን «ዳገቱ ምን ያህል ነው? እንደ እኛ ያለ ሰው በስንት ሰዓት ይደርሳል?» በሉት። ቁልቁለቱንም አትናቁ፤ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ከፍታን መናቅ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ማንንም ሊይዝ ይችላል። ስፖርተኛ መሆን አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዙ ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ይብስበታል። ከ3,000 ሜትር በኋላ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል፤ በየሦስት አራት ቀኑም ከፍታ ሳይጨምሩ አንድ ሌሊት ማደር ነው። የጉዞ ዕቅድ ሲሰጣችሁ የማደሪያዎቹን ከፍታ አስጽፉና ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉ። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ወይም መፍዘዝ ከተጨመረ መውጣት ይቆማል፣ ካልተሻለው ይወረዳል። እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ ወይም የሚዘባርቅ ካለ ነገ ጠዋት አይባልም፣ ወዲያው ነው የሚወረደው። «ትንሽ ጠጣበትና ይለቅሃል» የሚል መሪ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ኢንሹራንስ ካላችሁ ደግሞ ውሉን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሸፍኑም።

ርካሹን መምረጥስ? ዋጋው ሲወርድ ከአንድ ሰው ላይ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከተሸካሚው ላይ። ኪሊማንጃሮ ላይ የአንድ ተሸካሚ ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። እናንተም ጠይቁ፦ ማን ይሸከማል? ስንት ኪሎ? የት ያድራል? ያሳደሩን ቤተሰቦችስ ስንት ይደርሳቸዋል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ መሪ ፈልጉ።

አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ። ይሄን እንኳ ማብራራት አያስፈልግም፣ ተረከዛችሁ ያስረዳችኋል።

ወቅትን ሳይጠይቁ መነሳትም አለ። የኢንካ መንገድ በፈረንጆቹ የካቲት (ፌብሩዋሪ) ለጥገና ይዘጋል፤ ትኬት ከቆረጡ በኋላ ይሄን ማወቅ ያናድዳል። ብርዱን ደግሞ በቤታችሁ አየር አትገምቱት። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ታች በሸሚዝ የዋላችሁ፣ ላይ ማታ ጃኬት ትመኛላችሁ።

መንደር ሲገባ ለሕፃናት ከረሜላ መበተን ደግነት ይመስላል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ተጓዥ ግን የሚተርፈው «ስጠኝ» የሚል ሰልፍ ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ መሪውን አማክራችሁ በትምህርት ቤቱ በኩል አድርጉት። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ፤ «አይ» ከተባላችሁ ካሜራው ይመለስ።

የመጨረሻው የጉርሻ ነገር ነው። አንድ ላይ አጠራቅሞ ለመሪው ማስጨበጥ ይቀላል፤ ተሸካሚውና አብሳዩ ጋ ስንቱ እንደደረሰ ግን አታውቁም። ለእያንዳንዱ በእጁ፣ ስሙን ጠርታችሁ ስጡት። ደግሞ የመጨረሻው ምሽት ላይ ይሁን። ጠዋት መኪናው ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ዕቃ ሲጫንና ሲወርድ፣ ተሸካሚው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄዷል።