ፎርሙላ ዋን ለጀማሪ፦ ውድድሩን በገንዘቡ በኩል እንዴት ማየት ይቻላል?

ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ መኪኖቹ ሲዞሩ ሲዞሩ ያይና "በቃ ይኸው ነው?" ብሎ ቻናል ይቀይራል። አይፈረድበትም። መሪውን ብቻ ላየ ሰው እውነትም ይሰለቻል። ፎርሙላ ዋን የሚጥመው ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ሲያውቁ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

1. ቅዳሜን አይለፉ። አርብ አብዛኛውን ጊዜ ልምምድ ነው፤ ቢዘሉትም አይጎዳዎትም። ቅዳሜ ማን ከየት እንደሚነሳ ይለያል። እሁድ ዋናው ነው፤ የአውሮፓዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 10 ላይ ይጀምራሉ። ሞናኮን በመሰለ ጠባብ መንገድ መቅደም ጭንቅ ስለሆነ፣ ነገሩ ቅዳሜ ግማሽ ያልቃል።

2. ከመሃል አንድ ቡድን ይምረጡ። ፌራሪና ማክላረንን ሁሉም ያያል። ትንቅንቁ ግን ከኋላ ነው። አንደኛ የወጣ 25፣ አሥረኛ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የሁለቱ ሾፌሮች ነጥብ ተደምሮ የቡድኑ ይሆናል። የሽልማቱ ገንዘብ በአብዛኛው የሚከፋፈለው በቡድኖች ደረጃ ስለሆነ፣ አንዲት ነጥብ ሚሊዮኖች ዶላር ልታስገባ ትችላለች። የ2024ቱን የብራዚል ውድድር ይውሰዱ። ዝናብ ነበር። የሬድ ቡል ቡድን ሾፌር ቬርስታፐን ከ17ኛ ተነስቶ አሸነፈ፤ ወሬው ሁሉ የእሱ ሆነ። በዚያው ቀን ግን የአልፒን ሾፌሮች ኦኮንና ጋስሊ 2ኛና 3ኛ ወጥተው 33 ነጥብ አፈሱ፤ ቡድኑም ከ9ኛ ወደ 6ኛ ዘለለ። ለእኔ የዕለቱ ትልቅ ወሬ ይሄኛው ነበር።

3. ጎማውን ይዩ። ቀይ ምልክት ያለው ለስላሳ ነው፤ ይፈጥናል፣ ቶሎ ያልቃል። ነጩ ጠንካራ፣ ቢጫው መካከለኛ ነው። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ዓይነት መጠቀም ግዴታ ስለሆነ መቆም አይቀርም። አራቱም ጎማ በ2 ሰከንድ ገደማ ይቀየራል። አንዷ አልወጣም ካለች የቀኑ ልፋት ገደል ገባ።

4. ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። ሊበርቲ ሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎርሙላ ዋንን በ2017 ከገዛው ወዲህ ነገሩ ወደ መዝናኛው አድልቷል። ኔትፍሊክስ ከ2019 ጀምሮ በተከታታይ ዘጋቢ ፊልሙ የሾፌሮቹን ኩርፊያ ጭምር ሳሎን ድረስ አመጣው። የማያሚ ውድድር በ2022፣ የላስ ቬጋስ በ2023 ተጨመሩ። ውድድሩን የሚያስተናግዱት ቦታዎች ደግሞ ዳጎስ ያለ ክፍያ ይከፍላሉ። አፍሪካ በ1993 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኪያላሚ ላይ ከተደረገው ውድድር በኋላ አላስተናገደችም። ባህረ ሰላጤው ግን ከፍሎ ገባ፦ ባህሬን በ2004፣ አቡ ዳቢ በ2009፣ ሳዑዲና ኳታር በ2021። እዚያ ያላችሁና ሄዳችሁ ለማየት ያሰባችሁ፣ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። በቴሌቪዥን የምትሰሙት ድምፅ ምንም ማለት አይደለም።