የመሣሪያ ካዝና ለቤት፦ አመራረጡና አያያዙ

ልጅ ሆነን የአባቴ መሣሪያ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠል ነበር። ወንበር ላይ ቆመን እንደምንነካው አያውቅም። ዛሬ እኔም የልጆች አባት ሆኜ ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ይዘገንነኛል።

መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው ይሁን። ከዚያ ርዝመቱን ለኩ። ሰደፉ የማይታጠፍ ክላሽ 88 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የካዝናው ቁመት ከ1 ሜትር አይነስ። ለሽጉጥ ትንሽ ካዝና ትበቃለች። ካልታሰረች ግን ሌባ ብብቱ ሥር ሸጉጧት ይሄዳል።

ስትገዙ በሩን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ከጎበጠ ይቅርባችሁ። ብየዳ ቤት የምታሠሩ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሁን። መቀርቀሪያ በማጠፊያውም በኩል ይኑረው፤ አለዚያ ማጠፊያው ተቆርጦ በሩ ይነሳል።

እኔ የቁጥር ቁልፍ እመርጣለሁ። ተራ ቁልፍ የትም ብትደብቁት ልጅ ያገኘዋል። የትውልድ ዓመትና የስልክ ቁጥር አይሁን። ባትሪውን በየእንቁጣጣሹ ቀይሩ። መጠባበቂያ ቁልፉን ካዝናው ውስጥ አትቆልፉበት፤ ከቤት ውጭ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጥ።

ካዝናውን በአራት ቡሎን ከኮንክሪት ጋር እሰሩት። ስስ ሊሾ ቡሎን አይዝም፤ ብሎኬትም ውስጡ ክፍት ስለሆነ አትመኑት። ተከራይ ከሆናችሁ ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ።

ደሴ ላይ የመሣሪያ ዋና ጠላት እርጥበት ነው። ብዙ ቤት ዳገት ተደግፎ ስለተሠራ በክረምት የኋላው ግድግዳ ያልባል። ካዝናውን ከዚያ ግድግዳ አርቁት። እኔ አንድ ክረምት ሽጉጤን በቆዳ ማህደሩ እንዳለ ቆለፍኩበት። መስከረም ላይ ሳወጣው ቆዳው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ዝገት ይዞ ነበር። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በፌስታል መጠቅለልም ያው ነው። መሣሪያውን ራቁቱን፣ በስሱ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡት። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት ትናንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ለካዝና አይበቁም። ተለቅ ያለውንና ሲጠግብ ቀለሙን የሚቀይረውን ፈልጉ። ጨው ግን አታስገቡ፤ ራሱ ያዝጋል።

ከደሴ ብርድ በሐረጎ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትገቡ ቀዝቃዛው ብረት ላብ ያወጣል። ወዲያው አትቆልፉበት። ጥይቱን አውጡ፣ መሣሪያውን ጥረጉት፣ አጠገቡ ሆናችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ ከፍታችሁ እዩት።

ከመቆለፋችሁ በፊት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። መጀመሪያ ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰውን መያዣ አውጡ። ቀጥሎ አቀባብሉና ውስጡን በዓይናችሁ አይታችሁ ባዶነቱን አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ካርታው ሳይወጣ ካቀባበላችሁ ሌላ ጥይት ይገባል። ጥይቱ ለብቻው በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጥ። በሩን ዘግታችሁ እጀታውን ወደ ራሳችሁ ሳትስቡ ከዚያ እንዳትነሱ።