ሰርቨሩ በርቶ «ሲስተም የለም» ሲባል፦ የቢሮ ውስጥ ክላውድ ችግርና መፍትሄ

የራስን ክላውድ በራስ ቢሮ ማቋቋም የሰሞኑ የአይቲ ወሬ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በዶላር የሚከፈል የክላውድ ኪራይ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ብሮድኮም፣ አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚያሠራ ፕሮግራም የሚሸጠውን ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ አንዴ ተከፍሎ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመ። ስለዚህ ብዙ የአይቲ ክፍል ፊቱን ያንኑ ሥራ ወደሚሠራው ፕሮክስሞክስ አዞረ። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፣ ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የቆመ ነው፣ ከብራውዘር ይታዘዛል።

መጫኑ አያስቸግርም። ሦስት ሰርቨር አገናኝቶ ክላስተር (እንደ አንድ ሆኖ የሚሠራ ቡድን) ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሠራተኛው መጠቀም ሲጀምር ነው።

እዚህ የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ መካከለኛ ቢሮ፣ አንድ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ስለተሰቀሉ ሁለትና ሦስት ሰርቨሮች ነው። ችግሩ ስክሪን ላይ ይታያል እንጂ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነው፦ መብራት፣ ኬብል፣ ሰዓት፣ ዲስክ። ሶፍትዌሩን እንደገና ለመጫን ከመሮጣችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ራኩን እዩ።

ምልክት፦ አንዱ ሰርቨር ሲጠፋ ሌላውም ሥራ ያቆማል

ሁለት ሰርቨር አላችሁ። አንዱን ለጥገና አጠፋችሁት። ሌላው ላይ ቀድሞ የተነሱት ቨርቹዋል ማሽኖች (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ይሠራሉ፤ አዲስ ለማስነሳት ስትሞክሩ ግን እምቢ ይላል። ሴቲንግ መቀየርም አይቻልም። «ኖ ኮረም» (ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም) የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሃይ አቬይለቢሊቲ (አንዱ ሰርቨር ሲሞት ማሽኖቹን ሌላው ላይ የሚያስነሳው) ያበራችሁ ከሆነማ ይብሳል፤ ደህናው ሰርቨር ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል።

ምክንያቱ ብልሽት አይደለም። ክላስተሩ የሚወስነው በድምፅ ብልጫ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ያልሞላ የዕድር ስብሰባ እንደማይወስን ሁሉ፣ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ ሰርቨርም ምንም አይወስንም። ከ2 ድምፅ ብልጫ የሚባለው 2 ነው። ብቻውን የቀረው ሰርቨር ጓደኛው ይሙት ወይም ኬብሉ ብቻ ይቆረጥ መለየት አይችልም። ኬብሉ ብቻ ተቆርጦ ሁለቱም አንድን ቨርቹዋል ማሽን ቢያስነሱ፣ ሁለት እጅ አንድ ዳታ ላይ ይጽፍና ዳታው ይበላሻል። እንዲህ ከሚሆን መቆም ይሻላል ብሎ ነው የሚቆመው።

ለጊዜው መፍትሄ አለ። ሌላኛው ሰርቨር በእርግጥ መጥፋቱን ሄዳችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ተርሚናል ላይ «ፒቪኢሲኤም ኤክስፔክትድ 1» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ። የሚጠበቀው ድምፅ ወደ 1 ወርዶ ሥራ ይቀጥላል። ሌላው ሰርቨር በርቶ ኬብሉ ብቻ ተነቅሎ ሳለ ይህን ካደረጋችሁ ግን፣ ክላስተሩ ሲሸሽ የነበረውን አደጋ በገዛ እጃችሁ ጠራችሁት።

ዘላቂው መፍትሄ ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሦስተኛ ሰርቨር መግዛት ካልተቻለ ኪውዲቫይስ የሚባለውን አነስተኛ አገልግሎት አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ወይም ራስበሪ ፓይ ላይ ጫኑ። ሥራው ድምፅ መስጠት ብቻ ስለሆነ አቅም አይፈልግም። ክላስተሩ ውስጥ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን እንዳትጭኑት፤ ዳኛውን ተከሳሹ ቤት ማሳደር ይሆናል። በነገራችን ላይ አራት ሰርቨር ከሦስት የበለጠ መድን አይሰጥም። ከ4 ድምፅ ብልጫው 3 ነው፤ ልክ እንደ ሦስቱ፣ መጥፋት የሚችለው አንድ ብቻ ነው።

የዚህ ችግር ዘመድ ደግሞ አለ። ሦስቱም ሰርቨሮች ደህና ናቸው፤ ግን ሌሊት ሌሊት ሪስታርት ያደርጋሉ። ሎጉን ስታዩ ሰዓቱ ሁልጊዜ ባክአፕ ከሚጀምርበት ጋር ይገጥማል። ሰርቨሮቹ «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉበት ኮሮሲንክ ከባክአፑ ጋር አንድ ኬብል ይጋራል። ኮሮሲንክ የሚፈልገው የሰፋ መስመር ሳይሆን ፈጣን መልስ ነው፤ ከ5 ሚሊሰከንድ ያነሰ። ባክአፑ መስመሩን ሲያጨናንቀው መልሱ ይዘገያል፣ የዘገየው እንደሞተ ይቆጠራል፤ ሃይ አቬይለቢሊቲ በርቶ ከሆነ ኮረም ያጣው ሰርቨር ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ለኮሮሲንክ የራሱን የኔትወርክ ፖርትና ትንሽ ባለ 1 ጊጋቢት ስዊች ስጡት። ዋናውን መስመር በሁለተኛ ሊንክነት አስገቡለት።

ሰዓትን ካነሳን አይቀር፣ ባክአፑ «ማታ 2 ሰዓት ይጀምር» ተብሎ 02:00 ከተጻፈ የሚነሳው ሌሊት 8 ሰዓት ነው። የተፈለገው 20:00 ነበር። ይቺ ስህተት ከምትገምቱት በላይ ብዙ ቢሮ አለች።

ምልክት፦ ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፣ ሲስተሙ ግን ይንፏቀቃል

ሰርቨሩ አዲስ፣ ስዊቹ ባለ 10 ጊጋቢት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ። የሂሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ግን አንድ ደረሰኝ ለመመዝገብ ያስጠብቃል። ትልቅ ፋይል ኮፒ ስታደርጉ መጀመሪያ ይከንፋል፣ ከዚያ ይሞታል። የፕሮክስሞክስ ግራፍ ላይ ሲፒዩው ሥራ ፈቶ «አይኦ ዲሌይ» (ዲስክ በመጠበቅ የሚባክን ጊዜ) የሚለው መስመር ሽቅብ ወጥቷል።

ዘጠና በመቶውን ጥርጣሬ ዲስኩ ላይ አድርጉት። ለላፕቶፕና ለዴስክቶፕ የሚሸጠው ኤስኤስዲ መብራት ሲሄድ ዳታ የሚያተርፍበት ካፓሲተር የለውም። የሰርቨሮቹን ዲስኮች አንድ አድርጎ ዳታውን በየሰርቨሩ የሚያባዛው ሴፍም ሆነ ዳታቤዝ በየጽሑፉ «በእርግጥ ተጽፏል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የዳታ ሴንተር ዲስክ በካፓሲተሩ ስለሚተማመን ዳታው ጊዜያዊ ሜሞሪው ላይ እንደደረሰ «አዎ» ይላል። ርካሹ ዲስክ ግን እውነቱን ለመናገር በየጊዜው እስከ ፍላሹ ድረስ መውረድ አለበት። ሴፍ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ ሦስቱም «ተጽፏል» ሳይሉ ሥራው አያልፍም። ስለዚህ የክላስተሩን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉ ቀርፋፋው ዲስክ ነው።

ለማረጋገጥ ኤፍአይኦ የሚባለውን መለኪያ ተጠቀሙ። በ4 ኪሎባይት፣ አንድ በአንድ፣ ሲንክ በርቶ ይለካ። ርካሽ ዲስክ በሰከንድ ጥቂት መቶ ጽሑፍ ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ካፓሲተር ያለው ከአሥር ሺህ በላይ ይሄዳል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሌላ ዓይነት ልኬት ነው፣ አትመኑት። ልኬቱን ደግሞ ዳታ ባለበት ዲስክ ላይ በቀጥታ አታስኪዱ፤ ጠራርጎ ይጽፍበታል።

መፍትሄው ዲስኩን መቀየር ነው። ሻጩን «ፓወር ሎስ ፕሮቴክሽን አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካመነታ የሞዴሉን ቁጥር ወስዳችሁ የአምራቹን መግለጫ እዩ። በጀት ከሌለ ሴፍን ተዉት። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የዲስክ አያያዝ ሥርዓት በየሰርቨሩ አድርጋችሁ፣ በየ15 ደቂቃው ወደ ሌላው ሰርቨር እንዲገለበጥ ማድረግ ይቻላል። አንዱ ሰርቨር ድንገት ቢሞት የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሥራ ይጠፋል። ሠላሳ ሠራተኛ ላለው ቢሮ እኔ ብጠየቅ ከሚንፏቀቅ ሴፍ ይህንን እመርጣለሁ።

አንድ ፈተና ይመጣባችኋል። ኢንተርኔት ላይ «ካሹን አንሴፍ አድርጉት» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። የሚፈጥነው ግን ሳይጻፍ «ተጽፏል» እያለ ስለሚዋሽ ነው። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ቁማር ነው። ሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስክን አንድ አስመስሎ የሚያሳይ) ካለ ደግሞ ሬይዱን አጥፍታችሁ ኤችቢኤ ሞድ ላይ አድርጉት። ሴፍና ዜድኤፍኤስ ዲስኩን በቀጥታ ማየት ይፈልጋሉ።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ ይቀራል

መጀመሪያ ስዊቹ የተሰካበትን ሶኬት ተከትላችሁ ሂዱ። ብዙ ቦታ ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው፤ ስዊቹ ግን ከግድግዳው ሶኬት ነው የተሰካው። መብራት ሲሄድ ሰርቨሮቹ አይጠፉም፣ ስዊቹ ይጠፋል። ሦስቱም እርስ በርስ አይተያዩም። ኮረም ጠፋ። ሃይ አቬይለቢሊቲ በርቶ ከነበረ ሦስቱም ራሳቸውን ሪስታርት ያደርጋሉ። ዩፒኤሱ ሙሉ ባትሪ ይዞ ቆሞ እያየ!

ሁለተኛው የተለመደ ነገር፦ ጀነሬተሩ ተነስቷል፣ ዩፒኤሱ ግን አሁንም በባትሪ ነው። የጀነሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ሲዋዥቅ ዩፒኤሱ ኃይሉን አልቀበልም ይላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ሁሉም ዱብ ይላል። የዩፒኤሱ ሴቲንግ ላይ የመቀበያ ወሰኑን ማስፋት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታው ለጀነሬተር ባለሙያው ደውሉ።

ከዚያ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ኬብል ከአንዱ ሰርቨር ጋር አገናኙና ኤንዩቲ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ባትሪው ሲያሽቆለቁል መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽኖቹ፣ ቀጥሎ ሰርቨሮቹ በሥርዓት እንዲጠፉ ያደርጋል። ለመነሳትም ቅደም ተከተል ስጡ። ፕሮክስሞክስ ላይ በየማሽኑ «ስታርት ኦርደር» እና የመቆያ ጊዜ አለ፤ ዲኤንኤሱ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) ይቅደም፣ ዳታቤዙ ይከተል፣ አፕሊኬሽኑ በመጨረሻ።

መብራት ከመጣ በኋላ ሴፍ «ክሎክ ስኪው» ብሎ ቢያማርር አትደናገጡ። በሰርቨሮቹ መካከል የ0.05 ሰከንድ ልዩነት ይበቃዋል። ኢንተርኔቱ ከሰርቨሮቹ ዘግይቶ ስለሚመለስ ሰዓት የሚያስተካክላቸው አላገኙም። ቢሮው ውስጥ አንድ የሰዓት ምንጭ አቁሙ፤ ሦስቱም ክሮኒ በሚባለው ፕሮግራም ከእሱ ይውሰዱ።

ምልክት፦ ከሰዓት በኋላ ፋኑ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል

ሙቀት ነው። ብዙ ሰው «ስፔሲፊኬሽኑ እስከ 35 ዲግሪ ይችላል ይላል» ብሎ ይከራከራል። ያ ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ኤ2 በሚባለው የሰርቨር ደረጃ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳልና። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሰላ ወሰኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የምትለኩት ደግሞ ከራኩ ፊት ለፊት፣ ሰርቨሩ አየር በሚስብበት በኩል ነው። የበሩ አጠገብ ቴርሞሜትር አይቆጠርም። ኤሲውን ማታ ወጥቶ የሚያጠፋ ሰው መኖር አለመኖሩንም ጠይቁ።

ምልክት፦ ገና ግማሽ ላይ የነበረው ስቶሬጅ ድንገት «ፉል» ይላል

ሴፍ 85 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቃል፤ 95 ላይ ጽሑፍ ያቆማል። ሲያቆም ለሁሉም ነው፤ ቢሮው በሙሉ «ሲስተም የለም»።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሦስት ሰርቨር፣ በየሰርቨሩ ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ አለ እንበል። ጠቅላላው 12 ቴራ ነው። ሦስት ቅጂ ስለሚቀመጥ የእናንተ 4 ነው። አሁን 60 በመቶ ሞልቷል። አንድ ዲስክ ሞተ። ሦስቱ ቅጂዎች በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች መቀመጥ ስላለባቸው፣ የሞተው ዲስክ ዳታ መሄጃው እዚያው ሰርቨር ላይ የቀረው አንዱ ዲስክ ብቻ ነው። 60 ሲደመር 60፣ 120 በመቶ። አይገባም! ስለዚህ ባለ ሁለት ዲስክ ሰርቨር ላይ ከ40 በመቶ በላይ ስትሄዱ ተጠንቀቁ። ከሁለት ትልልቅ ዲስክ አራት ትንንሽ መግዛት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

95 ላይ ከደረሳችሁ የሴፍን «ፉል» ወሰን ለጊዜው ወደ 97 ከፍ አድርጉ፣ የማያስፈልጉ ስናፕሾቶችንና (የማሽኑን የቀድሞ ሁኔታ የያዙ ቅጂዎች) አሮጌ ማሽኖችን አጥፉ፣ ወሰኑን ወዲያው መልሱ። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ፋይል አጥፍታችሁ ቦታው ካልተመለሰ ደግሞ የዲስኩ «ዲስካርድ» ምርጫ ጠፍቶ ነው።

ቶሎ ቶሎ የሚያልፉት

ፒንግ ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ግን ይንጠለጠላል፦ ሰርቨሮቹ ላይ ኤምቲዩን (የአንድ የኔትወርክ ጥቅል መጠን ወሰን) 9000 ብላችሁ ስዊቹ ላይ 1500 ቀርቷል። ሁለቱንም አንድ አድርጉ።

ዊንዶውስ ስትጭኑ «ዲስክ የለም» ካለ የቨርትአይኦ ድራይቨር ያለበትን አይኤስኦ በሁለተኛ ሲዲነት አስገቡለት።

አፕዴት 401 ብሎ ከቆመ፣ ክፍያ የሚጠይቀውን ሪፖዚተሪ አጥፍታችሁ «ኖ ሰብስክሪፕሽን» የሚለውን አብሩ።

ማሽን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር የሚሞት ከሆነ የሲፒዩ ዓይነቱ «ሆስት» ተብሎ ይሆናል፤ ሰርቨሮቹ የተለያየ ትውልድ ከሆኑ ወደ «ኤክስ86-64-ቪ2-ኤኢኤስ» ቀይሩት።

ምልክት፦ ሦስት ቅጂ ነበረን፣ ሦስቱም ጠፉ

አንድ ሰው በስህተት ያጠፋው ፋይል ከሦስቱም ቅጂ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የቆለፈውም እንደዚያው። ሴፍ የሚጠብቃችሁ ዲስክ ሲሞት ነው፤ ከሰው እጅ አይጠብቃችሁም። ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨርን ሌላ ማሽን ላይ፣ ቢቻል ሌላ ክፍል ውስጥ ጫኑ። የይለፍ ቃሉ ከክላስተሩ የተለየ ይሁን። ክላስተሩ ባክአፕ መጻፍ እንጂ ማጥፋት እንዳይችል አድርጋችሁ ፈቃድ ስጡት።

«ባክአፑ ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ በየወሩ አንድ ማሽን መልሳችሁ ሞክሩ። ስትመልሱ አዲስ ቁጥር ስጡት፤ ነባሩ ላይ እንዳትደርቡት። ከማስነሳታችሁ በፊት የኔትወርክ ካርዱ ላይ «ዲስኮኔክት» የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ሁለት ማሽን በአንድ አይፒ ይወጣና ደህና የሚሠራውን ዋናውን ታናጉታላችሁ። ከዚያ በኮንሶል ግቡና የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ፈልጉ።